ዲዲ፦ ዲስክን እንዳለ የሚገለብጠው ትእዛዝ፣ ከጂማ ጥገና ቤት ሲመዘን

ፍርዴን ላስቀድም። ዲዲ ምርጥ መሣሪያ ነው። ሃርድ ዲስክ፣ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ አንድ ባይት ሳይቀር እንዳለ መገልበጥ ለሚፈልግ ሰው እሱን የሚተካ አላገኘሁም። ፎቶና ሰነድ ከፎልደር ወደ ፎልደር ለማዛወር ግን አይመችም፤ ለዚያ ተራው ኮፒና ፔስት ይበቃል። መሞት የጀመረ ዲስክ ላይ ደግሞ ዲዲን ብቻ ይዞ መግባት አልመክርም። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ።

ኮምፒውተር የምጠግነው ጂማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ሱቁ በሰው ይሞላል። ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ፤ ሠርግ ቀራጮች አሉ፤ ቡና ነጋዴዎች አሉ፤ የትንንሽ ቢሮ ሒሳብ ሠራተኞች አሉ። ጭንቀታቸው አንድ ነው። «ማሽኑ ቢቀር ይቅር፣ ውስጡ ያለው እንዳይጠፋብኝ» ይሉኛል። እኔም ሥራዬን የምመዝነው በዚያ ነው። ዊንዶውስ ማንም ይጭናል። የሰው የሦስት ዓመት ሒሳብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ አንዴ ከጠፋ ግን በምንም ብር አይመለስም።

ዲዲ በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በፊደል በሚሰጥበት ገጽ፣ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። መስኮት የለውም፤ በማውዝ የሚጫኑት ነገርም የለውም። ሊኑክስ ላይ አብሮ ተጭኖ ይመጣል፤ ማክ ላይም አለ። ዊንዶውስ ላይ የለም። ስለዚህ ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ሲመጣልኝ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ እሰካና ማሽኑን በእሱ አስነሣዋለሁ። ይህ በራሱ ጥሩ ነው፤ የምገለብጠው ዲስክ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ስለማይሆን ኮፒው ንጹሕ ይወጣል። ክፍያ የለውም፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ኔትወርክ ሲጠፋ «ላይሰንስህን ላረጋግጥ» እያለ ሥራ የሚያስፈታ ሶፍትዌር ያስቸገረው ሰው የዚህ ጥቅም ወዲያው ይገባዋል።

ዕድሜውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው፣ ለሊኑክስ አርአያ በሆነው በዩኒክስ አምስተኛ እትም ውስጥ ነበር። በእኛ 1966 ማለት ነው፤ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት። አጻጻፉ ከሌሎቹ የዩኒክስ ትእዛዞች ለየት የሚለው ከአይቢኤም ትላልቅ ኮምፒውተሮች የትእዛዝ ቋንቋ ስለተወሰደ ነው። ሌሎቹ አማራጭ ሲሰጣቸው ሰረዝ ይፈልጋሉ። ዲዲ ግን ስም፣ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚያ ዋጋ ነው የሚፈልገው። አይኤፍ= ከየት እንደሚያነብ ይነግረዋል። ኦኤፍ= የት እንደሚጽፍ ይነግረዋል። ቢኤስ= በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚያነሣ ይወስናል። እዚህ በፊደላችን ጻፍኳቸው እንጂ ተርሚናሉ ላይ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው የሚገቡት።

ከተራ ኮፒ የሚለየው ነገር ይህ ነው። ተራ ኮፒ የሚያነሣው የሚታየውን ፋይል ነው። ዲዲ ዲስኩ ላይ ሲላክ ግን ፋይል ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ጆንያውን ሳይፈታ ተሸክሞ እንደሚያደርስ ኩሊ ነው። የተደበቀውን፣ የተሰረዘውን፣ ማስነሻውን፣ ባዶ ተብሎ የተተወውን ቦታ ሁሉ ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ተራ በተራ ያነሣዋል። ዊንዶውስ «ይህ ፍላሽ ፎርማት መደረግ አለበት» ብሎ ፊቱን ያዞረበትን ፍላሽ እንኳ፣ አካሉ ደህና እስከሆነ ድረስ፣ ዲዲ አንብቦ ያወጣዋል።

አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ 64 ጊጋ ካርድ ይዞ መጣ። ካርዱ ካሜራው ላይ ፎርማት ተደርጓል። ሠርጉ አልፏል፤ ሙሽሮቹ ለመልስ እየተዘጋጁ ነው። «እባክህ ወንድሜ፣ እንደምንም አድርግልኝ። የሰው ሠርግ አይደገምም» አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። «ከፎርማቱ በኋላ ምንም አልቀረጽክበትም?» አልቀረጽኩም አለ። ተነፈስኩ። ካሜራ ፎርማት ሲያደርግ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጸዳው ማውጫውን ነው። ቪዲዮው ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ካርዱ ላይ ተኝቶ ይቆያል።

ካርዱ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽዬ መቆለፊያ ወደ ታች ገፋኋትና ማንበቢያው ላይ ሰካሁት። ኤልኤስቢኤልኬ ብዬ የተሰኩትን ዲስኮች ዘረዘርኩ። 64 ጊጋ የሚጠጋ መጠን ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙም ኤስዲቢ። ከዚያ ይህንን ጻፍኩ፦ ሱዱ ዲዲ አይኤፍ=/ዴቭ/ኤስዲቢ ኦኤፍ=ሠርግ.አይኤምጂ ቢኤስ=4ኤም ስታተስ=ፕሮግረስ። ሱዱ የምትለው ቃል የአስተዳዳሪ ፈቃድ ትሰጠዋለች። ኢንተር።

ከዚህ በኋላ የሚታየው አንድ መስመር ብቻ ነው። መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ እየታደሰ ስንት ባይት እንደተገለበጠ፣ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ፣ በሴኮንድ ስንት ሜጋ እየሄደ እንደሆነ ይናገራል። ማንበቢያዬ በሴኮንድ 80 ሜጋ ገደማ ነበር የሚስበው። በዚህ ፍጥነት 64 ጊጋ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ቡና አስመጣሁለት። አልጠጣውም፤ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ነበር።

ሲያልቅ ዲዲ የገቡትንና የወጡትን ሪከርዶች በሁለት መስመር ያስቀምጣል። 1 ጊጋ በ4 ሜጋ ብሎክ ሲገለበጥ ለምሳሌ 256+0 ይላል። ከመደመር ምልክቱ በፊት ያለው ሙሉ ሆነው የተነበቡት ብሎኮች ናቸው፤ ከኋላው ያለው ጎደሎዎቹ። መጨረሻ ላይ አንድ ጎደሎ ቢኖር አያስደነግጥም፤ የካርዱ መጠን ለ4 ሜጋ እኩል ካልተካፈለ ይመጣል። እኔ የገባውና የወጣው እኩል መሆኑን ሳላይ ካርድ አልነቅልም። ከዚያም ካርዱንና ኮፒውን የዳታ አሻራ በሚያወጣው ስሌት፣ በሻ-256፣ አስልቼ ሁለቱ ውጤቶች ፊደል በፊደል አንድ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ።

ካርዱን አውጥቼ ለባለቤቱ መለስኩለት። ከዚህ በኋላ ያለው የማዳን ሥራ በሙሉ ኮፒው ላይ ነው የተሠራው። ፎቶሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሠርግ.አይኤምጂ ላይ ለቀቅኩት። የቀለበቱ፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት፣ የጭፈራው ክሊፖች ወጡ። ጥቂቶቹ ተቆራርጠው ነው የመጡት፤ ትልልቅ ቪዲዮ ካርዱ ላይ ተበታትኖ ሲቀመጥ እንዲህ ያጋጥማል። ዋናው ነገር ግን አንድ ፕሮግራም ባይሠራ ሌላ መሞከር ይቻል ነበር። ካርዱን የነካው የለም። ዲዲን የምወደው በዚህ ነው። ቀድሞ ኮፒ የተወሰደለት ዳታ ላይ ሰው ተረጋግቶ ይሠራል።

ስለ ቢኤስ ትንሽ ልጨምር። ካልተጻፈ ዲዲ በ512 ባይት ብቻ ነው የሚያነሣው። ይህ በድሮ ዲስኮች ልክ የተቆረጠ መጠን ነው። ዛሬ በዚያ መጠን 500 ጊጋ መገልበጥ ማሽኑን በከንቱ ማመላለስ ነው። 4ኤም ሲባል በአንድ ጊዜ 8,192 እጥፍ ያነሣል። ከ4 ሜጋ በላይ መጨመር ግን ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ 4ኤም እና 4ኤምቢ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው 4,194,304 ባይት ነው፤ ሁለተኛው ልክ 4,000,000። አቋርጦ ለመቀጠል ስሌት ሲገባ ይህ ልዩነት ሰው ያሳስታል።

ስታተስ=ፕሮግረስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከዚያ በፊት ዲዲ ሥራውን እስኪጨርስ ትንፍሽ አይልም ነበር። የት እንደደረሰ ለማወቅ ሌላ ተርሚናል ከፍቶ ምልክት መላክ ግድ ነበር። ዛሬም ይህን አማራጭ የረሳ ሰው ፊት ለፊቱ ብልጭ የሚል ምልክት ብቻ ያያል፤ የተሰቀለ መስሎት ያቋርጠዋል። ሳይጠየቅ መታየት የነበረበት ነገር ነው። ይህ ቅር ያሰኘኛል።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። ዲዲ አይጠይቅም። ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። አይኤፍ እና ኦኤፍም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ተሞክሮ የመጣ ላፕቶፕ ደረሰኝ። ሠሪው አዲሱን ባዶ ዲስክ ምንጭ፣ አሮጌውን ሙሉ ዲስክ መድረሻ አድርጎ ነው የጻፈው። ዲዲ ባዶውን በሙሉው ላይ ገለበጠው። የላፕቶፑ ባለቤት የአንድ ትንሽ ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። የቢሮው ደብዳቤዎች በሙሉ እዚያ ነበሩ። ሥራው መሀል ላይ ስለተቋረጠ ከዲስኩ መጨረሻ አካባቢ ጥቂት ነገር አወጣሁላት። የተጻፈበት ክፍል ግን አንድም አልተገኘም፤ ሊገኝም አይችልም። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ተስፋ አለው። በላዩ የተጻፈበት ግን የለውም።

«ትእዛዝ የጻፈው ሰው ያውቃል» የሚሉ አሉ። ስክሪፕት ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ በየደረጃው ቢጠይቅ እንደሚያስቸግር እረዳለሁ። በእጅ ሲጻፍ ግን፣ መድረሻው ሙሉ ዲስክ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ «ይህ ዲስክ እንዲህ ያለ ዳታ አለበት፤ ልቀጥል?» ቢል ማንንም አይጎዳም። እስኪለወጥ ድረስ እኔ የራሴን ሥርዓት ይዣለሁ። የማያስፈልገኝን ዲስክ ሁሉ እነቅላለሁ። ኤልኤስቢኤልኬ ስል መጠኑንና የፋብሪካውን ሞዴል አብሮ እንዲያሳይ አደርጋለሁ፤ ኤስዲቢ የሚለው ስም ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሊለዋወጥ ይችላልና። ኦኤፍን መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጮክ ብሎ ያነበዋል። እሱ «እሺ» ሳይል ኢንተር አልመታም።

አሁን ወደ ታመመ ዲስክ ልምጣ። እዚህ ላይ ዲዲ ይቸገራል።

ኅዳር ላይ ቡና ተለቅሞ ሥራ በሚጧጧፍበት ሰሞን አንድ ነጋዴ ዴስክቶፕ አስጭነው መጡ። የፒችትሪ ሒሳባቸው በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ማሽኑ ሲበራ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ይላል። «ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ተወው። ሒሳቤን ብቻ አውጣልኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ የምችለውን አደርጋለሁ፤ እስከዚያው ግን እንዳያስነሡት» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ዲስክ በበራ ቁጥር ነው የሚብስበት።

ዲዲ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው በተለመደው አሠራሩ እዚያው ይቆማል። እንዲያልፈው ኮንቭ=ኖኤረር፣ሲንክ ይጻፋል። ያኔ ያልተነበበውን ብሎክ በዜሮ ሞልቶ ይቀጥላል። ችግሩ ብሎኩ ትልቅ ከሆነ አንዲት የተበላሸች ቦታ በዙሪያዋ ያለውን ደህና ዳታም ይዛው ልትሄድ ትችላለች። ብሎኩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይንቀራፈፋል፤ ዲስኩም ያንን ሁሉ ሰዓት ይሠቃያል። ዲዲ ብልሃት የለውም። በተራ ይሄዳል፤ የተበላሸው ቦታ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ደህናውን ከማንሣቱ በፊት ዲስኩ እዚያው ሊሞትበት ይችላል።

ለዚህ ጂኤንዩ ከሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የወጣ፣ ዲዲሬስኪዩ የሚባል መሣሪያ አለ። ስሙ ቢቀራረብም ሌላ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል። ያስቸገረውን ዘሎ ያልፍና ሲጨርስ ተመልሶ በጥቂት በጥቂቱ ይሞክራል። የቱ እንደተነበበ፣ የቱ እንደቀረ በካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል። የነጋዴውን ዲስክ ለእሱ ነው የሰጠሁት። ሥራው መሀል መብራት ሄደ። ላፕቶፔ በባትሪ ቆየ፤ ዲስኩ የተሰካበት ማቀፊያ ግን ጠፋ። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ደግሜ ጻፍኩ። ካርታውን አነበበና ካቆመበት ቀጠለ። የፒችትሪው ፎልደር ሙሉውን ወጣ። ነጋዴው እጄን ይዘው መረቁኝ፤ «ያብዛልህ» አሉ።

ዲዲ ቢሆን ኖሮ ካቆመበት የማስቀጠሉ ሒሳብ በእኔ ላይ ነበር። ስኪፕ= ከምንጩ ስንት ብሎክ እንደሚዘለል ይናገራል፤ ሲክ= ከመድረሻው። በ4ኤም ብሎክ 10,000 ተገልብጦ ከሆነ ሁለቱንም 10000 ማለት ነው። ያንን ቁጥር የሚይዝ ግን የለም። ስክሪኑ ላይ የመጨረሻውን መስመር ያላየ ሰው ከዜሮ ይጀምራል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ዲዲሬስኪዩን የምትፈልጉ ፓኬጁ ጂዲዲሬስኪዩ ተብሎ ነው የተቀመጠው። ኢንተርኔት ያለ ቀን አስቀድማችሁ ጫኑት። የታመመ ዲስክ በመጣ ቀን ኔትወርክ ላይኖር ይችላል።

ጤነኛ ዲስክ ላይ ግን ዲዲ ንጉሥ ነው። አንድ የመመረቂያ ዓመት ተማሪ ላፕቶፑ ዘገየበት። 500 ጊጋ የነበረውን የሚሽከረከር ዲስክ በ512 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ማለትም በማይሽከረከር ዲስክ፣ እንድቀይርለት ጠየቀ። ጽሑፉ፣ ፕሮግራሞቹ፣ ቅንብሩ ሳይነካ። ሁለቱን ሰክቼ ከአንዱ ወደ አንዱ በዲዲ ገለበጥኩ። በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢሄድ 500 ጊጋ 5,000 ሴኮንድ ነው፤ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ። ዊንዶውሱ በአዲሱ ዲስክ ላይ የትናንቱን ዴስክቶፕ ይዞ ተነሣ። ልጁ ሳቀ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው በአንድ ባይት እንኳ ማነስ የለበትም። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ሁለቱ ዲስኮች መለያ ቁጥራቸው ሳይቀር አንድ ስለሚሆን፣ አሮጌውን ነቅላችሁ ነው አዲሱን ማስነሣት። የተረፈውን ቦታ ለመጠቀም ደግሞ የዲስክ ክፍልፋይ ማስተካከያውን ፕሮግራም፣ ጂፓርትድን፣ መክፈት ያስፈልጋል። የዲስኩ ክፍልፋይ ሠንጠረዥ ጂፒቲ ከሆነ ሁለተኛው ቅጂው ያለ ቦታው መቀመጡን አይቶ ላስተካክል ይላል። እሺ በሉት። ዲዲ ባዶውንም ቦታ ስለሚገለብጥ 60 ጊጋ ብቻ የተያዘበት ዲስክም ያንኑ ያህል ሰዓት ይፈጃል። ለዕለታዊ ባክአፕ የማልጠቀምበት ለዚህ ነው።

የሊኑክስ አይኤስኦ፣ ማለትም የመጫኛ ፋይሉን፣ ወደ ፍላሽ ለመጻፍም ጥሩ ነው። አንዴ የወረደ አይኤስኦ ለስንት ተማሪ ፍላሽ ይሆናል፤ የኢንተርኔት ፓኬጅ ይቆጥባል። ፍላሽ ላይ ስትጽፉ ግን ኮንቭ=ኤፍሲንክ ጨምሩ። ካልተጨመረ ቁጥሩ በፍጥነት ይሮጥና «አለቀ» ይላል፤ እውነቱ ግን ዳታው ገና ራም ላይ ነው፤ ፍላሹ አልጨረሰም። በዚያች ሰዓት የተነቀለ ፍላሽ አይነሣም። የዊንዶውስ አይኤስኦ ግን በዲዲ ፍላሽ ላይ ቢጻፍ አይነሣም፤ አሠራሩ ሌላ ነው። ለእሱ ሩፈስ ወይም ቬንቶይ የሚባለው ፕሮግራም ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ጥቅሙን ልንገራችሁ። ገበያ ላይ 2 ቴራ ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ አለ። ብዙው ሐሰት ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ ትንሽ ሆኖ ለኮምፒውተሩ 2 ቴራ ነኝ እንዲል ተደርጎ ነው የተሠራው። ፎቶ ሲጨመርበት ይቀበላል፤ ሲከፈት ግን ፎቶው የለም። እኔ በዲዲ እፈትነዋለሁ። የዘፈቀደ ባይት ከሚያወጣው ከ/ዴቭ/ዩራንደም ሁለት 4 ሜጋ ፋይሎች እሠራለሁ። አንዱን ፍላሹ መጀመሪያ ላይ እጽፋለሁ። ሌላውን በ4ኤም ብሎክ ሲክ=25000 ብዬ 100 ጊጋ ገደማ ላይ እጽፋለሁ። ፍላሹን ነቅዬ እመልሰዋለሁ። ይህች መንቀል ወሳኝ ናት፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ከራሱ ራም አንብቦ ሊያታልል ይችላል። ከዚያ ሁለቱንም መልሼ አንብቤ ከዋናዎቹ ጋር አስተያያለሁ። አንዱ እንኳ ካልገጠመ ፍላሹ ውሸታም ነው። ከገጠሙ ደግሞ ራቅ ያለ ቦታ ላይ እደግመዋለሁ። ፍላሹ ላይ ያለውን ስለሚያጠፋ ባዶ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው የሚደረገው። ከገበያ ገዝተው በዚያው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ሻጩ ሳይርቅ ያስመልሳሉ።

ዲዲ መቀየርም ይችላል ሲባል ሰምታችሁ የአማርኛ ሰነድ ይቀይርልኛል ብላችሁ ከሆነ፣ አይቀይርም። ኮንቭ= ከድሮው የአይቢኤም የፊደል ኮድ ኢቢሲዲክ ወደ አስኪ ይለውጣል፤ ባይቶችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ያገላብጣል፤ የእንግሊዝኛ ትንሽ ፊደል ትልቅ ያደርጋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውምና ያ ለእኛ ምንም አይሠራም። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ወደ ዩኒኮድ ለመለወጥ የሚመጡ ሒሳብ ሠራተኞች አሉ፤ ለእነሱ ሌላ መንገድ ነው የምፈልግላቸው። እንዲያውም ዲዲ የአማርኛ ጽሑፍ ሲቆርጥ ፊደል ይሰብራል። ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው። 512 ለ3 አይካፈልም። ክፍተት የሌለበት ጽሑፍ ከሆነ 170 ፊደል ይገባና 2 ባይት ይተርፋል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት ይታያል። ኮፒው ተበላሽቶ አይደለም። ቀጣዩ ብሎክ ሲገጠምበት ፊደሏ ሙሉ ትሆናለች።

አሮጌ ላፕቶፕ ከመሸጣችሁ በፊት ዳታችሁን ለማጥፋት ዜሮ ብቻ ከሚያወጣው ከ/ዴቭ/ዜሮ ወደ ዲስኩ መጻፍም ይቻላል። ለሚሽከረከር ዲስክ ይበቃል። ኤስኤስዲ ግን ከዕይታ የሚደብቃቸው ቦታዎች ስላሉት በዲዲ አትተማመኑበት፤ የአምራቹን የማጥፊያ መሣሪያ ተጠቀሙ።

ለማን ልምከር? ለጠጋኝ፣ ለፎቶ ቤት፣ ኮምፒውተር ለሚማር ተማሪ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የራሱን ፎቶ ብቻ ባክአፕ ማድረግ ለሚፈልግ የቤት ሰው አልመክርም፤ ትርፉ ጭንቀት ነው። ከ10 ስጡ ብትሉኝ 8 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ስለማይጠይቅ ነው። ሌላውን ካቆመበት ራሱ መቀጠል ስለማይችል።

መሞከር የምትፈልጉ በዲስክ አትጀምሩ። ዲዲ አይኤፍ=/ዴቭ/ዜሮ ኦኤፍ=ሙከራ.አይኤምጂ ቢኤስ=1ኤም ካውንት=100 ብላችሁ 100 ሜጋ የሆነ ባዶ ፋይል ሥሩ። ሱዱ አያስፈልገውም፤ ዲስክም አይነካም። እሱን ወደ ሌላ ፋይል ገልብጡ፤ በስኪፕና በሲክ ቁረጡት፣ ቀጥሉት፤ በሻ-256 አስተያዩት። የመደመር ምልክቷን የሚከተሉትን ቁጥሮች ማንበብ ስትለምዱ፣ ውስጡ ምንም የማይፈለግ አሮጌ ፍላሽ ፈልጉና እሱ ላይ ድገሙት።